የመልስ ቀን ጉርሻና የኔ መንጋጋ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሁለት እጅ ያለውን ሰው ካላጎረስንህ ብሎ መታገል ምን የሚሉት ፍቅር ነው? እኔን አትቆጡኝ፤ እኔ ራሴ ተቆጥቻለሁ።

ስፈጠር ጀምሮ መገጣጠሚያዬ ላላ ነው። አውራ ጣቴ ወደ ኋላ ታጥፎ ክንዴን ይነካል። ልጅ ሆኜ የቆቦ ገበያተኛ ከቦ ያጨበጭብልኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው! መምህር ከሆንኩ በኋላ ጣጣው መንጋጋዬ ላይ ወጣ። ሳዛጋ ይወልቅና አፌ እንደተከፈተ ይቀራል። አፉ የማይታዘዝለት መምህር ምን ይሠራል? ጠመኔ ይዞ ይቁም?

መካሪማ ሞልቷል። አንዱ የሽምብራ ቆሎ ቆርጥም ይለኛል፣ ሌላው በደንብ ከፍተህ አፍታታው ይላል። ደህና ነገር የነገረኝ የጤና ጣቢያው ሐኪም ነው። የሌላውን ሰው መንጋጋ እናፍታታለን፣ ያንተ ግን ድሮም ተፍታቷል፤ የሚያስፈልገው ማጠንከር ነው አለኝ። ምላስህን ላንቃህ ላይ ለጥፈህ ቀስ ብለህ ትንሽ ክፈት፣ ዝጋ። ስታዛጋ አገጭህን በጡጫህ ደግፍ። ጉርሻህ ትንንሽ ይሁን። ክረምቱን ሙሉ መስታወት ፊት እንደዚያው ሳደርግ ከረምኩ፤ ተሻለኝም።

ዘመኑ ደግሞ የደርግ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ "ይውደም!" ሲባል አፉን ያልከፈተ ጉድ ይፈላበታል። እየፈራሁ ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። በባትሪ አፌን መረመረና፣ አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ፣ ግራ እጅህ ግን በደንብ ይነሳ አለኝ። አያችሁ? አብዮቱ እንኳ ራራልኝ!

ዘመድ ግን ምሕረት የለውም። ሚስቴን ታደሉን አግብቼ፣ ቤተሰቦቿ ዋጃ ከተማ ለመልስ ጠሩን። አክስቷ እትዬ ወርቄ ጉርሻ ጠቅልላ መጣች። ጉርሻ አልኩት እንጂ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። ኧረ እትዬ፣ ሐኪም ከልክሎኛል ብላት፣ "እጄን ናቅኸው? በሞቴ! አፈር ስሆን!" አለች። ቤቱ በሙሉ አፈጠጠብኝ። ምን ላድርግ? ከፈትኩላት። ቋ! ወለቀ።

የጎረስኩትን እንደምንም ዋጥኩት። አፌ ግን አልዘጋ አለ። እነሱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ድገሚው እያለሽ ነው! አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ደገመችኝ። አጎትየው ሠለሰ። በእጄ ተዉኝ ስል ይግደረደራል ይላሉ። እንዴት ያለ የማይኮራ አማች ነው ብለውም አመሰገኑኝ። እንባዬ ሲወርድ ያየችው ታደሉ ብቻ ናት። "ኧረ ገደላችሁት!" ብላ ዘላ መጣች፤ አውራ ጣቶቿን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሐኪሙ እንዳሳያት የታች መንጋጋዬን ወደ ታች ተጭና ወደ ኋላ ገፋችው። ተመለሰ። የክረምቱ ልፋቴ ግን ገደል ገባ።

አፌ እንደተዘጋ፣ ሁለተኛ ከማንም እጅ አልጎርስም ብዬ ጮህኩ። እትዬ ወርቄ አኩርፋ ወጣች። ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ ከሳሽ ነኝ ብዬ ቀርቤ ተከሳሽ ሆንኩ! ትልቅ ሰው በሞቴ ብላህ እንዴት ትጮህባታለህ ብለው ፈረዱብኝ። ታረቁ ተባልን። እርቁ በምን ይጽና? በጉርሻ!

እትዬ ወርቄ እግዜር ይስጣት፣ አዘነችልኝ። ልጄ፣ ለመንጋጋህ ብዬ ቀንሼልሃለሁ፣ ግማሽ ናት አለችኝ። አየኋት። ግማሽ እንጀራ!