ሀምዳን ያባረራት ታንክ

እግዜር የሰውን ልጅ ትዕግሥት ሊፈትን ሲያምረው ሜትር የያዘ ጎረቤት ይሰጠዋል። ይህ ሰው የሌለበት አገር የለም። ሰርግ ቤት ገብቶ "ድንኳኑ ተንጋዷል" የሚል፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የበሩን ጉበን በስንዝር የሚለካ። ለጅማ የደረሳት ግን ከሁሉም የባሰው ነው፤ ክቡር ጄኔራል ሀምዳን።

ጄኔራል ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ሰውዬው አናጢ ነው። ጦሩም መጫወቻ ነው፤ ከቀለጠ ብረት የተሠሩ ትንንሽ ታንኮች፣ ኦራል የጭነት መኪኖች፣ የጣት አንጓ የሚያህሉ ወታደሮች። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ እሱ፣ ቡና አምራቹ ሳዲቅና እኔ እንዋጋለን። የጦር ሜዳችን የሳዲቅ የቡና ማድረቂያ አልጋ ነው፤ ጆንያ እናለብሰውና በቡና ገለባ ተራራ እንሠራበታለን። ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር አልጋው ለሥራው ይፈለጋልና ጦርነቱ ያለ ድርድር ይቆማል።

ሀምዳን አንድ ሕግ አለው፤ "አንድ ለሰባ ሁለት!" ስኬል ይለዋል። እውነተኛው ታንክ ሰባ ሁለት ጊዜ ማነስ አለበት፤ ወታደሩም፣ ድልድዩም እንደዚያው። ሰባ አንድ የሆነ እንደሆነ ወዮለት! ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አያምንም። "ሣጥን ይዋሻል፣ ካሊፐር አይዋሽም" ይላል፣ ያቺን የብረት መለኪያውን ከደረት ኪሱ እየመዘዘ።

አንዴ አጋሮ ታንክ መጥቷል ተብሎ አስከትሎኝ ሄደ። ባለሱቋን ሳቢሃን ያላትን ሣጥን ሁሉ አስከፈታት። ከኪሱ አንድ ወታደር አውጥቶ በየታንኩ ጎን እያቆመ፣ "ይሄ በሩ አያስገባውም። ይሄ ደግሞ በሩ ላም ያስገባል። ሂን ተኡ! አይሆንም!" ልጅቷ መጨረሻ ላይ መረራት።

"ጋሼ፣ ሊገዙ ነው ሊዳኙ የመጡት?"

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ሌላ ጊዜ ሰኮሩ ከተማ ላይ እውነተኛ የጦር ኦራል አጠገባችን ቆመ። ሀምዳን ሹፌሩን ከላይ እስከ ታች አየውና "ለመኪናው ትንሽ ገዝፏል" አለ። ሰውየውን እኮ ነው!

ይሄን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት በእኔ የመጣውን ነው።

ስኳር ዓይኔን አድክሞታል። ሐኪሙም "እንዳይብስ እንጠብቀዋለን እንጂ የሄደው አይመለስም" ብሎኛል። ትንንሾቹ ታንኮች ከገለባው ጋር እየተቀላቀሉብኝ አንድ ቅዳሜ የራሴን ጦር ደበደብኩ። ሳዲቅ ሳቁን ዋጠ፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ሱቁን ልጄ ይዞታል፣ ጋዜጣ ማንበብ ቀርቷል፣ የቀረችኝ ቅዳሜ ብቻ ነች። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ዓይኔ የሚያያት ታንክ አስመጣሁ፤ አንድ ለአርባ ሦስት፣ የሕፃን ጫማ የምታህል።

ሀምዳን ለካት። ፊቱ ጠቆረ።

"ወታደሮቻችን ከሰንሰለቷ አይበልጡም። ሂን ተኡ!"

"ዓይኔ ትንንሾቹን አያይም ስልህ!"

"ወላሂ አዝናለሁ፣ ፍሬ። ግን ዓይን ሌላ፣ ስኬል ሌላ።"

ዓይን ሌላ፣ ስኬል ሌላ! አብሮ አደጌ እኮ ነው እንዲህ የሚለኝ! ታንኬን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ። ቆሜ ደጁን አልረግጥም፣ ብሞትም አይቅበረኝ ብዬ ማልኩ።

ስንት ቅዳሜ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ላይ እንዳፈጠጥኩ የማውቀው እኔ ነኝ። እሱ እቴ፣ አንድ ቀን እንኳ አልደወለም። በመጨረሻ የደወለችው ሚስቱ ረይሃና ናት።

"ጋሽ ፍሬሰላም፣ ማሎ፣ ይድረሱልኝ! አልጋ ያዘዘው ሙሽራ ደጄ ላይ እየጮኸ ነው። ይሄ ሰውዬ ሥራውን ትቶ ሳዲቅ ጋ ነው የሚውለው።"

ለእሷ ብዬ ሄድኩ። ታንኬን ለምን እንደያዝኳት አትጠይቁኝ።

የማድረቂያው አልጋ ላይ ያለውን አየሁና ቆምኩ። አዎ፣ አየሁ። አውራ ጣት የሚያህሉ የዋንዛ እንጨት ወታደሮች፣ የዋንዛ ታንኮች፣ ድልድይ፣ ቤቶች። ግማሹ ጦር ነጭ፣ ግማሹ ቀይ ተቀብቷል። ከብረቶቹ አንዱም የለም።

"ትንንሾቹስ?" አልኩት።

"አሽጌ ቆጥ ላይ አወጣኋቸው" አለ፣ ቀና ሳይል። "ታንክህ አታንስልህ ነገር። እንግዲህ ሌላውን ሁሉ ማሳደግ ነበረብኝ። የቀረኸው ሥራ በዝቶብህ ነው መሰለኝ?"

ዕድሜ ልኩን የለቀማቸውን ታንኮች! አንገቱን አቅፌ ልስመው ስጠጋ ካሊፐሩን ታንኬ ላይ ገጥሟል።

"መድፏ ግን ሁለት ሚሊ ረዝማለች፤ ትሞረድ።"

"እጅህን አንሳ!"

ተዋጋን። እያንዳንዱን ወታደር ጥርት አድርጌ አየሁ፤ በድልድዩ በኩል የሚመጣብኝን ሁሉ አየሁ። እያየሁ ተደመሰስኩ። ድሮ ስሸነፍ "ዓይኔ ነው" እል ነበር። ይሄ ሰው፣ ዕድሜውን ያርዝመውና፣ ያቺንም ሰበብ ነጠቀኝ።