ከበሩ የሰፋው ፓራውልት

ቦጋለ ይባላል። በያጅ ነኝ ባይ ነው፤ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ አስፋልቱ ዳር ሱቅ አለው። ስሙን አታንሺ ያሉኝ አሉ። ለምን ብዬ? እሱ መቼ አፈረ?

ሟች ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደው ሀብት አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ናት። የምትነዳት ልጄ አልማዝ ነች። ሴት ልጅ ከባድ መኪና ትነዳለች ወይ የምትሉ ካላችሁ መንገድ ዳር ቆማችሁ እዩዋት፤ እኔ ለማስረዳት ጊዜ የለኝም። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭና ትወርዳለች። ፓርኩን ሊያዩ ሽቅብ የሚወጡት የቤት መኪኖች ፊታቸው ሁሉ ፕላስቲክ ነው፤ ፈገግታ እንጂ ግንባር የላቸውም። የእኔዋ ግን ግንድ በሚንከባለልበት ቁልቁለት ነው የምትውለው። ግንባር ያስፈልጋታል። ከፊት የሚታሰር ወፍራም የብረት ፓራውልት ሥራልኝ ብዬ ቦጋለ ዘንድ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ሠራልኝ። ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ አብለጭልጮ፣ ይኼ እኮ ተራራ ይገፋል አለኝ። መረቅኩት። ምርቃቴን አሁን መልሼ ወስጃለሁ።

ሳምንት ሳይሞላው አልማዝ ስትወርድ ላም ገባችባት። ላሚቱን ለማትረፍ ስትጠመዝዝ መንገድ ዳር ያለ ጉቶ ነካች። ነካች ነው የምላችሁ፣ አልገጨችም። ፓራውልቱ እንደ ብስኩት ቆርቆሮ ተጨማዶ ራዲያተሩን ወጋው። በስንጥቁ አጮልቄ ሳይ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከላይ ስስ ላሜራ፣ ከውስጥ ስቱኮ። ያ ጋራዦች የተጎዳ መኪና የሚለስኑበት ጭቃ መሳይ ነገር! ልጄን ለካ ተራራ ላይ የሰደድኳት ጭቃ አስታቅፌ ነው።

ቁራሹን ይዤ ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ ሰው ሞልቷል። ቦጋለ ቁራሹን በጣቱ አገላብጦ አየውና፣

"ብረት ነው እማማ። እርስዎ ስለ ብረት ምን ያውቃሉ? ካላመኑ ቤትዎ ሠርተው ያሳዩኝ" አለኝ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም የሚመጣው ሚካኤል ሳያልፍ ቤቴ በተሠራ ፓራውልት በደጅህ አልፋለሁ አልኩት። አንዴ ከአፌ ወጣ። ቤት ስገባ ደግሞ አልማዝ፣ እውነተኛ ግንባር ሳይኖራት ያንን ቁልቁለት ሁለተኛ አልወርድም፣ እስከ ሚካኤል ካልተሠራ እንሽጣት አለች። አልተቆጣኋትም። መሪውን የምትይዘው እሷ ናት። ግን መኪናዋ ከተሸጠች ከባለቤቴ የሚቀረኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ እሱም ደብዝዟል።

ጉተማን ጠራሁት። ጉተማ የካራ ሰፈር ሰው ነው። አባቱ ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ፎቅ ሲሠራ፣ የፎቁን ብረት ሲበይድ ነው ሙያውን የያዘው። ብረቱን እዚያው ካራ አስቆርጦ፣ የብየዳ ማሽኑን ጭኖ እንዲመጣ ተስማማን። አልማዝ ልኩን በሜትር እንውሰድ ብላ ነበር። እናቴ ያንን ሁሉ ቤት ያሠራችው በክንዷ ለክታ ነው፤ ደግሞ ለአንዲት መኪና ሜትር? መኪናዋ ራዲያተሯን ልታስጠግን ጋራዥ ከመሄዷ በፊት ፊቷን በክንዴ ለካሁት። አራት ክንድ ተኩል። ለጉተማ በስልክ ነገርኩት።

መጀመሪያ ያመጣውን ብረት በጠጠር መታ መታ አድርጌ መለስኩበት። እናቴ ገበያ ላይ እንስራ የምትገዛው እንዲህ መትታ ድምፁን ሰምታ ነበር። ጤነኛ ነገር ይጮሃል፣ የታመመ ነገር ያፍናል። ሁለተኛው ጮኸ። እሱን ተቀበልኩ።

ብየዳውን አስተምረኝ አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ አስተማረኝ። ጥቁሩን መከላከያ ፊቴ ላይ ደፍቼ የመጀመሪያውን መስመር ስበይድ የዶሮ ኩስ መሰለ። በኋላ ነው የገባኝ፦ ስፌት ነው። መሶብ ስትሰፉ አዲሱ ጥልፍ ያለፈውን ግማሽ ይረግጠው የለ? ልክ እንደዚያ ነው። የበየድነውን ቁራጭ ሁሉ ድንጋይ ላይ ወርውሬ ፈተንኩ። ሁለቱ ከብየዳቸው ተላቀቁ። አንዱ የእኔ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ደግመን በየድን፣ ዝገቱን ፋቅን፣ ዳግም እንዳይዝግ አንትራስት ቀባን።

የሚካኤል ዋዜማ መኪናዋ ከጋራዥ መጣች። አልማዝ በኋላ ማርሽ ግቢ አስገባቻት። ፓራውልቱን ከሻንሲው ጋር በቡሎን አሰርነው። ሌባ እንዳይፈታብኝ ብዬ የቡሎኖቹን ራስ ሁሉ አስበየድኩ። ከዚያ ዞር ብዬ ባይ፣ በግራም በቀኝም አንድ አንድ መዳፍ ተርፏል። በሩ ደግሞ መኪናዋን የሚያሳልፋት በሦስት ጣት ልዩነት ነው።

ጉተማ፣ አራት ክንድ ተኩል ብለውኝ ነው በክንዴ የለካሁት አለ። እኔ አጭር ነኝ፤ እሱ የስልክ እንጨት ያህላል። ስህተቱ የክንድ አይደለም። እናቱ ምን አብልታ እንዳሳደገችው እሷን ጠይቁልኝ።

ትርፉን እንቁረጥ ስንል መብራት ጠፋ። ያን ውፍረት የእጅ መጋዝ አይነካውም። እንዳንፈታው ቡሎኑን እኔው አስበይጃለሁ። መብራቱ ጠዋት ቢመጣም ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ዕለት እኔ ግቢ ብረት አይቆረጥም። አልማዝ የመኪናዋን ቁልፍ ነቅላ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። በልቧ መኪናዋን ሸጣ ጨርሳለች።

በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። እጄ ላይ ጠጠር ነበረች። ሳላስበው የበሩን ቋሚ መታ አደረግኩት። አፈነ። ሌላውንም መታሁት። እንደ ዱባ ነው። ያንን በር ማን እንደሠራልኝ ልንገራችሁ? ከሦስት ዓመት በፊት፣ ቦጋለ።

ጠዋት ሚካኤልን ተሳልሜ ተመለስኩና አልማዝን ሞተር አስነሺ አልኳት።

"እማዬ፣ በሩስ?"

"ብረት መቁረጥ ሥራ ነው። በር መግፋት ግን ሥራ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት እገፋው የለ?"

ጉተማ ውጭው ላይ ሰው አለመኖሩን አይቶ እጁን አነሳ። በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብላ መጣች። በሩ ከነቋሚው ተኛ። አልማዝ ወርዳ ፓራውልቱን በመዳፏ ዳሰሰች። ነጭ የስቱኮ ብናኝ እንጂ ጭረት የለበትም። አትሸጥም አለች።

የሰው ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ በሚካኤልም ይፈቀዳል። በሩን ጫንን። ቦጋለ በዓሉን እንኳ ሳያከብር ሱቁን ሲከፍት ደረስን። ጎንበስ ብሎ ፓራውልቱን በጣቱ አንኳኳ። ጮኸ። ማን እንደሠራው ጠየቀኝ፤ ቤቴ ነው የተሠራው አልኩት። በሩን ሱቁ ደጃፍ አስደግፌ፣ ከሥሩ የረገፈውን ስቱኮ በፌስታል ቋጥሬ ይዤ ነበርና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ብረትህ እንዳይጠፋብህ" አልኩት።