ከባንኮክ ቶኪዮ በጣት ሲለካ

ስለ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ የሚወራውን የሰማ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ ወንበሩ ላይ የደህንነት ቀበቶ ይፈልጋል። በጉብዝናቸው ወራት ፓይለት ነበሩ አሉ። ባንኮክ ቁርስ በልተው፣ ቶኪዮ ምሳ ቀምሰው፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ባንኮክ ይመለሱ ነበር አሉ። ስማቸው ተረስቶ "ክቡር ካፒቴን" ሆነው ቀሩ።

እርግጥ ነው፣ አምፖል ሊቀይሩ በርጩማ ላይ ሲወጡ ዓይናቸውን ጨፍነው "ያዙኝ!" የሚሉ ሰው ደመናውን እንዴት ቻሉት ብሎ የጠየቀ አልጠፋም። ካፒቴኑ ወሬውን አላስወሩም፤ አላስቆሙምም። ሲነሳ ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ።

ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ እሳቸው ግን ለሦስት ሰፈር ይበቃሉ። ከስፌት መኪናቸው በላይ የጨርቅ የዓለም ካርታ ተሰቅሏል። አንድ ሰው በስህተት የአገር ስም ከጠራ አለቀለት! መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ይሰኩና ጣታቸውን ካርታው ላይ ይደረድራሉ። "አንድ ጣት አንድ ሰዓት! ጨርቅ አይዋሽም!" ቁልፍ ልታስተክል የመጣች ሙሽራ የሕንድን ስፋት ጠጥታ፣ ያለ ቁልፍ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው አዋላጇ መጣች። የአገር ልጅ ስታዋልድ የኖረች፣ የራሷ ግን አንዲት ልጅ ብቻ ያለቻት።

"ካፒቴን፣ ልጄ ለትምህርት ስትሄድ ይኸው ባንኮክ ደርሳ፣ አሁን ወደ ቶኪዮ ተነሳች። እንደደረሰች ትደውላለች። ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

ጣት ተደረደረ። "ሦስት ሰዓት፣ እህቴ። ዝንፍ አይልም!"

ሦስት ሰዓት ሲሞላ አዋላጇ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። በአራተኛው "ሲዘገይ ምን ማለት ነው?" አለች።

"ነፋስ ነው። የፊት ነፋስ።"

በአምስተኛው ያ ስንቱን ሕፃን የተቀበለ እጇ ስልኩን ያገላብጥ ጀመር። ካፒቴኑ አንገታቸውን ደፍተው፣ ክር ባልገባበት መርፌ የሰው ኮት ይሰፋሉ።

በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ።

"እማዬ፣ ደረስኩ! ምነው፣ ምን ያስለቅስሻል? ስድስት ሰዓት ነው እኮ መንገዱ! ማነው ሦስት ያለሽ?"

ካፒቴኑ ቀስ ብለው ወደ ካርታው ዞሩ። አምና አይጥ የበላችውን ቦታ አጥፈው የሰፉት ራሳቸው ናቸው። የሚያኮራ ስፌት ነበር። የቻይናን ጠረፍ ከነባሕሩ ወደ ውስጥ አስገብቶታል፤ ሦስት ጣት ሙሉ! ጨርቅስ አልዋሸም፤ የዋሸው ጥገናው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ፤ የሳቸው መሬት ግን ተሰፍታለች።

አዋላጇ እንባዋን ጠርጋ አየቻቸው፤ አንጀቷን በሏት።

"ይተዉት ካፒቴን፣ እርስዎ በሚያበሩበት ዘመን አውሮፕላኑ ይፈጥን ይሆናላ!"

ማምለጫ በር ተከፈተላቸው። ጉሮሯቸውንም ጠረግ አደረጉ። ግን መቀስ አንስተው በርጩማው ላይ ወጡና፣ "ያዙኝ" ሳይሉ፣ ስፌቱን ይተረትሩት ጀመር። እሷ ተነስታ በርጩማውን ያዘችላቸው።

"እህቴ" አሉ፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ፣ "አውሮፕላን አብርሬ አላውቅም። ተሳፍሬም አላውቅም። የአንድ ፓይለት ሱሪ አሳጥሬያለሁ፤ እሱንም አብዝቼ አሳጥሬበት ተጣልተናል።"