የእትዬ ዘነቡ ምስክርነት

ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ሐበሻ ጠጥቶ ሲነዳ ተያዘ ከተባለ፣ ከመካከላችን ጠበቃ ያልሆነ ሰው አይገኝም። ጓደኛዬ ግርማ የተያዘ ሰሞን ይህን በዓይኔ አየሁ። ዳንፎርዝ ጎዳና፣ የሐበሻ ካፌዎቹ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ መከላከያ ነበረው። አንዱ "ኖ ኢንግሊሽ በላቸው፣ ይለቁሃል" ይለዋል። ግርማ እኮ ታክሲ ነጂ ነው! ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ስለ ሆኪ ሲከራከር የሚውል ሰው! ሌላው ደግሞ ጥሬ ቡና ቆርጥሞ ከትንፋሽ መለኪያው ስላመለጠው የአጎቱ ልጅ ያወራል። ያ የአጎት ልጅ ዛሬ በአውቶብስ እንደሚሄድ የምናውቅ እናውቃለን።

ሳቅን እንጂ ነገሩ አያስቅም ነበር። ግርማ ከታክሲው ሌላ መተዳደሪያ የለውም። መንጃ ፈቃዱ ሄደ ማለት የሚስቱና የልጆቹ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። ጥፋት የለበትም ግን አልልም። ጠጥቶ መሪ መጨበጥ ጥፋት ነው። ያን ቀን አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ መንገድ ገብቶ ቢሆንስ? ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። ከተያዘ ወዲህ መጠጥ በአፉ አልዞረም።

እንዴት ተያዘ? ሪጀንት ፓርክ ሰፈር፣ እትዬ ዘነቡ ቤት፣ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነበር። እትዬ ዘነቡ የግርማ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ስትሞት ያሳደጉት እሳቸው፣ ወደ ካናዳ ያመጡትም እሳቸው። ጾም አያፈርሱም፣ ቅዳሴ አያመልጣቸውም። ሰው በቀልድ ሲምል እንኳ "ተው፣ አፍህን ሰብስብ" ይላሉ። ግርማ ከሰዓት በኋላ ሁለት ቢራ ጠጥቶ ልሂድ ብሎ ተነሣ። መቼም እኛ ቤት እንግዳ ተቀምጦ ከሚጠጣው ቆሞ የሚጠጣው ይበልጣል። እትዬ ዘነቡ ከአገር ቤት የመጣ አረቄ በውሃ ብርጭቆ ሞልተው በሩን ዘጉበት። "በሞቴ!" አሉ። ያሳደገች እህት "በሞቴ" ስትል ምን ይባላል? በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ወረደ። ገና ጄራርድ ጎዳና ላይ ሳይደርስ ፖሊስ አስቆመው።

ጠበቃው ወጣት ፈረንጅ ነው። እኔም አብሬው ሄጄ ነበር። የበሩን ታሪክ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። ነገሩ እንዲህ ነው አለን። መጠጥ ደም ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋል። ፖሊስ የለካው ግን ቆይቶ፣ ጣቢያ ከወሰደው በኋላ ነው። እንግዲያው አረቄውን ከጠጣ ወዲያው ከተያዘ፣ መሪ ላይ ሳለ አረቄው ገና ሆዱ ውስጥ ነበር፤ በደሙ ውስጥ ያለው መጠጥ ከሕጉ ወሰን አላለፈም። ያኔ ሕጉ እንዲህ ብሎ መከራከርን ይፈቅድ ነበር፤ በኋላ ዘግተውታል። ጠበቃውን የጨነቀው ዳኛው ነው። በር ላይ ቆሞ ብርጭቆ ሙሉ አረቄ የሚጨልጥ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? በሩ ላይ ከሁለቱ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ያጠጣችው እህቱ ቀርባ ትመስክር አለ።

አያችሁ? "በሞቴ" የሕግ መከላከያ ልትሆን ነው! እትዬ ዘነቡን ይዘናቸው ሄድን። ጠበቃው የሆነውን ብቻ፣ እውነቱን ብቻ እንዲናገሩ ለመናቸው። ተረጎምኩላቸው። "እሺ" አሉ። ጠበቃው ደስ አለው። ከእኛ ሰው አፍ የወጣ እሺ ሁሉ መስማማት እንዳልሆነ ፈረንጅ በምን ይወቅ?

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ደረሰ። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። መጽሐፍ ቅዱሱን ሲሰጧቸው ሳሙት። ማሉ። ጠበቃው ወንድማቸው ሲወጣ ምን እንደሰጡት ጠየቃቸው።

"ወንድሜ መጠጥ አያውቅም" አሉ። "በእኔ ቤት ጠብታ አልቀመሰም። ለስላሳ ነው የሰጠሁት።"

ጠበቃው ደነገጠ። ጥያቄውን በሌላ መንገድ አዙሮ ጠየቀ። እሳቸው ባሰባቸው፤ ክርስትና ቤት እንጂ መሸታ ቤት መሰለህ ወይ ብለው ቱግ አሉ። ዐቃቤ ሕጉ አንድም ጥያቄ የለኝም አለ። ለምን ይኑረው? ግርማ ራሱን ደፋ። ዳኛው የበሩን አረቄ የሚያስረዳ የለም ብሎ ፈረደበት። ለአንድ ዓመት እንዳይነዳ ታገደ፤ ታክሲው ለሌላ ሰው ሄደ።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ዘነቡ ክንዴን ያዙኝ። "ያ ጠበቃ ተብዬ፣ አጠጣሁት በይ ይለኛል እኮ! ለመሆኑ ከማን ጋር ነው? እኔ ቆሜ የወንድሜ ስም አይጠፋም" አሉኝ።

ስሙስ አልጠፋም። ሰው ሁሉ ሳይጠጣ ተፈረደበት እያለ ያዝንለታል። ግርማ አሁን ስካርቦሮ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ያነሣል። እትዬ ዘነቡ ግን ከዚያ ወዲህ መቁረብ ትተዋል። ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ወደ ውስጥ አይገቡም። በዚያ ብርድ፣ በዚያ የታመመ ጉልበታቸው፣ ደጅ ቆመው ይሰግዳሉ። ለምን እንደሆነ ለማንም አይናገሩም።

አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አላስችል አለኝና ግርማን ጠየቅኩት። እህትህ እውነቱን ተናግረው ቢሆን ነፃ ሊያወጡህ ይችሉ እንደነበር ለምን አትነግራቸውም አልኩት። በመስኮቱ ደጅ የቆመችውን እህቱን አየ።

"ላይሰንሴን በዓመቱ ይመልሱልኛል" አለ። "እሷ መጽሐፍ ይዛ የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው። በከንቱ ነው ልበላት?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህቺኛዋስ እንደጨለመች ትቅር።