አባቴ ማድ ቤት የገባ ሰሞን

አንዳንድ ነገር ከአዳራሽ ወጥቶ ቤት እስኪገባ ስንት ዓመት ይፈጅበታል! መንገዱ እኮ አጭር ነው፤ ከቀበሌያችን አዳራሽ እስከ እኛ ቤት አምስት ደቂቃ አይሞላም። በደርግ ጊዜ ኮልፌ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ እሁድ እሁድ ስብሰባ እንጠራለን፣ የሴቶች እኩልነት ይታወጃል፣ ወንዶቹ ግራ እጃቸውን አንስተው መፈክር ያሰማሉ፤ ከዚያ እቤታቸው ገብተው ወንበር ላይ ዘፍ ይሉና “እግሬን የሚያጥበኝ ጠፋ?” ይላሉ። አባቴም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደግ አናጢ ነበር። ግን ማድ ቤታችንን የሚያውቀው እናንተ ጨረቃን የምታውቋትን ያህል ነው። መኖሩን ያያል፣ ሄዶበት አያውቅም።

ታዲያ እኔ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ፣ ሚኒስትሪ ልፈተን ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ እናቴ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጭቃው አንሸራተታትና እግሯ ተሰበረ። ሆስፒታል ተኛች። ቤት የቀረነው አባቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ነን።

በሦስተኛው ቀን የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ባፈና፣ ከቀራንዮ መጡ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተችባቸው አባቴንና ወንድሞቹን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ከተናገሩ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ወሰኑ።

“ይቺ ልጅ ትምህርቷን ትተው። ለከርሞ ትደርስበታለች። እኔ በእሷ ዕድሜ ሦስት ወንድ አሳድጌያለሁ።”

“ለከርሞ” የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ። ከክፍላችን ለከርሞ የተባሉ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷም አልተመለሰች። አባቴ እህቱን እስከ መንገዱ ሸኝቶ ተመለሰ። እኔ ደብተሬን አቅፌ ሳለቅስ አደርኩ።

በማግስቱ፣ የመጨረሻ ቀኔ ነው ብዬ ከሄድኩበት ትምህርት ቤት ስመለስ ማድ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። እሳት የተነሳ መስሎኝ ሮጥኩ። አባቴ ነው! በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ፣ ሽንኩርት ይከትፋል። መክተፍ ከተባለ፤ እያንዳንዷን ቁራጭ ለበር መቃን የሚያስተካክላት ነው የሚመስለው። እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

“ምን ታያለሽ? ሂጂ አጥኚ!” አለኝ።

የዚያን ዕለቱን ሽሮ አልገልጸውም። በላነው፤ ማንም አልታመመም፤ ተመስገን ነው። እንጀራውን ጎረቤታችን ይጋግሩልን ነበር፣ ወጡ ግን የአባቴ ነው። በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ነበር የሚሠራው። ሰው ከሚያየው ጭሱ ቢገድለው ይመርጣል።

በሳምንቱ እትዬ ባፈና ሳያንኳኩ በሩን በረገዱት። ወንድማቸው ማማሰያ ይዞ ቆሟል።

“ኧረ በመድኃኔዓለም! ምን ነካህ? ሴት ልጅ እቤት ቁጭ ብላ!”

“ልጅቷ ታጠናለች፣ እታለም።”

“እኔስ አሳድጌህ የለም? ምን ጎደለብኝ?”

አባቴ ማማሰያውን አስቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

“አንቺማ እኛን ስታሳድጊ ፊደል ሳትቆጥሪ ቀረሽ። እኛ ቄስ ትምህርት ቤት ስንሄድ በር ላይ ቆመሽ ታይን ነበር። ያ አስተያየትሽ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። በልጄ ላይ ደግሜ ላየው አልችልም።”

እትዬ ባፈና ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ።  እሳቸው ግን ነጠላቸውን አወረዱና ወደ ድስቱ ጎንበስ አሉ።

“ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬ ይገባል? ወዲያ በል!”

አባቴ ወዲያ አለ። ከማድ ቤቱ ግን አልወጣም፤ አጠገባቸው ቆሞ ተማረ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሩም አልተዘጋም። ጎረቤት ትንሽ ሳቀ፣ ትንሽ አማ፣ ሰለቸውና ተወው። እናቴ በክራንች ተደግፋ ስትመለስ የማድ ቤቱ ግድግዳ በአዲስ መደርደሪያ ተሞልቶ፣ ቅመሟ በየቁመቱ ተሰልፎ ጠበቃት። “አሁን ጨውን ከየት ነው የማገኘው?” ብላ ሳቀች፤ ስትስቅም አለቀሰች።

ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ውጤቴ የመጣ ቀን እትዬ ባፈና ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡትና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

“የወንድሜ ስም የትኛው ነው?”

ከስሜ ቀጥሎ ያለውን አሳየኋቸው። በጣታቸው ሁለቴ ዳሰሱት።

እኔ መምህርት ሆኜ ብዙ የሰው ልጅ አስተማርኩ። አባቴን በሕይወት ሳለ በወጉ አላመሰገንኩትም፤ የዚያን ጊዜ ልጅ አባቱን ፊት ለፊት አያመሰግንም። ለዚህ ነው በቀደም ለልጄ ታሪኩን ከነጭሱ፣ ከነእንባው የተረክሁላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

“እሺ፣ ከዚያስ?” አለችኝ።

“እንዴት ከዚያስ? አበሰለ እኮ ነው የምልሽ!”

“እሱንማ ሰማሁ። ግን ምኑ ይገርማል?”

ይህን ስትል አባቷ ከኩሽና ሆኖ ጨው እንድንቀምስለት ይጣራል። ልቀየማት ከጅሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ለአባቴ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከየት ይመጣል? ያን ሁሉ ጭስ የጠጣው ለካ የልጅ ልጁን ምንም እንዳይገርማት ነው።