ግለ ሂስ በወይን እርሻ

ወይን ጠጅ ሰው ያጣላል የሚል ሁሉ ወይ ጠጥቶ አያውቅም፣ ወይ የጠጣው ብቻውን ነው! እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ወይን ጠጅ ሁለት ሴቶችን ሲያስታርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ምን ዓይነት ሴቶች መሰሏችሁ? በጠላ ቤት ደጅ እንኳ አፍንጫቸውን ይዘው የሚያልፉ የሆሳዕና ጴንጤዎች!

ሁለቱ ሴቶች እናቴና አክስቴ ታደለች ናቸው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ በቤታችን የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። ችግሩ፣ ያ ቃል የሚወጣበት አፍ ከእናቴ ጋር አይነጋገርም። ምክንያቱ? ቆጮ! አንድ ቀን እናቴ ለእንግዳ ካቀረበችው ቆጮ ላይ አክስቴ አንዲት ክር መዘዘችና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ፣ "ይሄ ቃጫስ በሬ ያስራል!" አለች። የእንሰት ቃጫው ያልጠራለት ቆጮ ደግሞ የሰነፍ ሴት ነው። በቃ… እንደ እናቴ ያለች የሌሞ አገር ሴት ቆጮዋን ከምትነኩባት ዓይኗን ብትነኩት ይሻላችኋል።

"አንቺን ምን አገባሽ?" እንዳትሉኝ። እንዴት አያገባኝ! የሺንሺቾ መምህር ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ ነበራ! ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አክስቴ "እሷ ካለችበት ቤት አልገባም" ብላ ቀረች፤ እነሱም ሻያቸውን ጠጥተው ተመለሱ። ሽማግሌ ደግሞ ያኔ እንደ አውቶቡስ ነው፤ አንዴ ካመለጠ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

በዚህ መሃል የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር በመሠረተ ትምህርት ብልጫ አገኘ ተባለ። ሽልማቱ ጉብኝት ነው። የት? የመንግሥት የወይን እርሻ! አልኮል የማይቀምሱ ሴቶችን ወይን ጠመቃ ማስጎብኘት ለራሰ በራ ማበጠሪያ መሸለም ነው። ግን በዚያ የአብዮት ዘመን "አልሄድም" የሚባል ነገር የት ይታወቃል? በማለዳ መናኸሪያ ተሰብስበን ተሳፈርን። እኔ በእናቴና በአክስቴ መሃል ተቀምጬ እንደ ስልክ ቤት ሠራተኛ መልእክት ሳስተላልፍ ዋልኩ።

"ለእናትሽ ንገሪያት፣ መስኮቱን ትዝጋ።"

"ለአክስትሽ ንገሪያት፣ ነፋሱ ምላሷን ያቀዘቅዝላት ብዬ ነው።"

እሱን እንኳ አላስተላለፍኩም። የሁለቱም ክርን ግን ጎኔን እየነካ ነበርና ሁሉን ይሰሙ ነበር!

እርሻው ሲታይ… ወይ ግሩም! ወይኑ በመስመር ተሰልፎ እስከ ተራራው ሥር ይወርዳል፤ ከወዲያ ማዶ ሐይቅ ያብለጨልጫል። አክስቴ ግን ያየችው ሌላ ነው።

"ይሄ ተክል በሽቦ የታሰረው ምን አጥፍቶ ነው?"

"ሽሽ!" አሏት ሴቶቹ። ያኔ የታሰረ ነገር ስናይ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር።

የምሳ አዳራሹን ግድግዳ የሞላ ሥዕል ነበር። አንዲት ላብአደር ሴት ከራሷ የሚበልጥ የወይን ዘለላ ተሸክማለች፤ ክንዷ የሰው ጭን ያህላል። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየቻትና፣ "ይቺስ እንሰት ፍቃ ያደገች ናት" አለች። አክስቴ ልትስቅ ስትል ኩርፊያዋ ትዝ አላትና ሳቁን በሳል ቀየረችው።

የፍየል ጥብስ በላን፤ አይብ በላን። ከዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰው የጠመቃው ኃላፊ፣ የረጋ ጎልማሳ፣ በትንንሽ ብርጭቆ ቀይ ነገር አሳደለን። ቀጥሎ ዳቦ ቆራርሶ አዞረ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ… ዝም!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ የጌታ እራት ሲቀርብ ከተቀቀለ ዘቢብ የወጣ ቀይ ጭማቂ በትንንሽ ብርጭቆ ከቁራሽ ዳቦ ጋር ይታደላል። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይነካውም። በዚያ ጊዜ ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ያን ብርጭቆ ካየን ቆይተናል። ወይን በትንሽ ብርጭቆ ለሌላ ጉዳይ እንደሚጠጣ ደግሞ ማን ነግሮን!

አክስቴ ጆሮዬ ሥር ገብታ፣ "ሰውዬው የእኛው ነው! በመንግሥት ቤት ተደብቆ ነው!" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሹክሹክታው ጠረጴዛውን ዞረ። ሴቶቹ በሙሉ ነጠላቸውን ጎተት አድርገው አቀረቀሩ። ብርጭቆ የሚያነሳ ጠፋ።

አክስቴ ተነሥታ ቆመች።

"ብርቄ!" ብላ እናቴን ጠራች። በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ! "ያ ክር ከቆጮሽ አልነበረም። ከነጠላዬ ተመዝዞ ነው። ያወቅሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው፤ በእንግዳ ፊት እንዴት ልመልሰው?"

"አውቃለሁ" አለች እናቴ። "ቃጫና ጥጥ የማልለይ መሰለሽ? እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። እኔም የጎረቤት ጥጃ ጎመንሽን ሲበላ ቆሜ አይቻለሁ…"

"የትኛውን ጎመን?"

"ሁሉንም።"

ተቃቅፈው አለቀሱ። ሌሎቹም ተነሡ፤ የተበደለ ይናገራል፣ የበደለ ይንበረከካል… በዚህ መሃል ከአውራጃ አብሮን የመጣው ካድሬ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት።

"ጓዶች! እዚህ ምን እየተካሄደ ነው?"

ለጸሎት መሰብሰብ ያኔ ምን እንደሚያስከትል አታጡትም። ያዳነችን ሱቅ ያላት ጎረቤታችን፣ ጉራጌዋ ወይዘሮ ዘይነባ ናት። እሷ እስላም ናትና ብርጭቆዋን ቀድሞውኑ ወደ ጎን ገፍታዋለች።

"ግለ ሂስ ነው ጓድ! የሆሳዕና ሴት ሳትተራረም አትጠጣም!"

ካድሬው ፊቱ በራ። "እንዲህ ነው እንጂ ንቃት!" ብሎ አጨበጨበ፤ እኛም አጨበጨብን። "በሉ አንሡ!" አለ። አነሣን። ጠጣን… እግዚኦ! የአክስቴ ፊት ሎሚ እንደነከሰ ሕፃን ተጨማደደ።

ቀስ ብላ ወደ ኃላፊው ተጠጋች። "ወንድሜ፣ እናንተ የምትሰበሰቡት በየት በኩል ነው?"

"ለምኑ፣ እማማ?"

"ለጸሎቱ ነዋ! ዓይንህን ጨፍነህ…"

"ኧረ እማማ፣ እኔ ወይን ጠጁን እያሸተትኩ ነበር!"

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እኔ እንደ ልማዴ መሃል ነኝ። ጽዋው ስሕተት ከሆነ እርቁስ? የሺንሺቾውስ መምህር? አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ለእናትሽ ንገሪያት…"

ስልክ ቤቱ እንደገና ተከፈተ፣ አልኩ።

"…እንደደረስን ሽማግሌዎቹን ታስጠራ።"

"ራስሽ ንገሪኝ!" አለች እናቴ። "እዚሁ ነኝ!"

ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አክስቴ በአባቴ ቦታ ተቀምጣ "እሺ" አለች። ለሠርጌም የእናቴን እንሰት ራሷ ፋቀች። ቃጫውን ለብቻው አድርቃ ገመድ ገመደችና የዳሱን ምሰሶዎች በእሱ አሰረች።