ሐራ፦ ሁለት ተይዟል

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔ መነኩሴው ላይ አልፈርድም፤ እሱስ ቢያንስ የሚሰፋው ቆብ አለው። ቴምብር የሚለቅም ሰው አለ፣ የክብሪት ቀፎ የሚደረድር አለ፤ እኔና ጓደኛዬ ሰይድ ደግሞ የሦስት ጃማይካዊ ሽማግሌዎችን ዘፈን ስንቆጥር ሃያ ዓመት አለፈን። ምን ያደርግላችኋል ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴ አስካለም ጠይቃኝ ነበር። እሷ መጠየቁን ተወች፣ እኔ መቁጠሩን አልተውኩም።

እኔ ወልድያ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ሰይድ መርሳ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። ልጆች ሳለን የአሰብ መንገድ ሾፌሮች የሬጌ ካሴት ያመጡ ነበር። ካሴት ቤቶቹ እያባዙ ሲሸጡት እንግሊዝኛውን መጻፍ ስለሚከብዳቸው ለየዘፈኑ ራሳቸው ስም ያወጡለታል፦ «ባቡሩ»፣ «የሴትዮዋ»፣ «ዋይ ዋይ ቁጥር ሁለት»። ዘፋኞቹም «ሦስቱ ጃማይካዎች» ተብለው ቀሩ። አንዱ እንደ በሬ ያጉረመርማል፣ አንዱ መሐሉን ይይዛል፣ አንዱ ሽቅብ ይወጣል። ኢንተርኔት ሲመጣ እውነተኛ ስማቸውን አገኘን፤ ችግሩም ያኔ ባሰ። ለካ አንዱን ዘፈን በሦስት ስም አሳትመውታል፤ የእነሱን ዘፈን ይዞ የሌላ ሰው ስም የተለጠፈበት ሸክላም አለ። የቱ የእነሱ እንደሆነና የቱ ካሴት ከየት እንደተገኘ ለመለየት ደብተር ከፈትን። በየከተማው ስም ሥር፣ ካሴቱ እጃችን ከገባ «ተይዟል»፣ ካልገባ «ቀርቷል»፣ ክሩ ከተበጠሰ «ተቆርጧል» ብለን እንጽፋለን።

«ሐራ፦ ሁለት ተይዟል። ግራና፦ አንድ ቀርቷል። ወልድያ፦ አራት፣ ሁለቱ ተቆርጠዋል።»

በሰላም ጊዜ «ተይዟል» የሚባለው የሚኒባስ ወንበር ነው። በጦርነት ጊዜ ከተማ ነው።

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ እኔና አስካለ በእግራችን ወደ መርሳ ወጣን። ከቤት ያወጣሁት ቅያሪ ልብስ፣ የአስካለን የደም ግፊት መድኃኒትና ደብተሩን ነበር። ደብተሩን መያዜን ያወቀችው ሲሪንቃን ካለፍን በኋላ ነው፤ ከዚያ እስከ መርሳ አላናገረችኝም። ሰይድና ሚስቱ ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት መጣችሁ» ብለው ተቀበሉን፤ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልን። ብዙም ሳንቆይ ግን የሸሸነው ነገር ተከትሎን መርሳ ገባ። መብራትም ስልክም ጠፋ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ታጣቂዎች መጡ። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልነግራችሁም፤ ጠመንጃ ቤት ሲገባ የሚታየው ጠመንጃው ነው። የሬዲዮ ጠጋኝ ቤት መሆኑን ሰምተው የጦር መገናኛ ነበር የሚፈልጉት። ዕቃውን ሁሉ ሲያገላብጡ ከቴፕ ቅሪት መሐል ደብተራችን ወጣ። አለቃቸው ጢሙ ሸበት ያለ ሰው ነው። ገለጥ አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ሐራ፣ ሁለት ተይዟል።» ቀና ብሎ አየን። «ማነው የያዘው?»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እኔ ደንግጬ «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ወላሂ ካሴት ነው!» አለ ሰይድ። «የዘፈን ካሴት ነው፣ ጌታው!»

«የማን ዘፈን?»

«የጃማይካ።»

በዚያ ሰሞን ለአንድ ሲም ካርድ ሲባል የተወሰደ ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። እኛ ደብተር ሙሉ ይዘን ተገኘን። አንደኛው ታጣቂ የሰይድን ክንድ ጨምድዶ «ውጣ» አለው። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጫማ እንኳ አላደረገም፣ እንዴት ብሎ ይወጣል?» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

አለቃው ደብተሩን አልከደነም። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ፣ «ይህን አሰሙኝ» አለ።

«ባትሪ የለንም» አልኩ።

«በአፋችሁ።»

ጣቱ ያረፈው «ዋይ ዋይ ቁጥር ሁለት» ላይ ነበር። ሰይድ በባዶ እግሩ፣ ክንዱ እንደተያዘ፣ የታችኛውን ድምፅ ጀመረ። እኔ ሽቅብ ወጣሁ። መሐሉን የሚይዝ አልነበረም። አስካለ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች፤ ለነፍሳችን ይሁን ለዜማችን አልጠየቅኋትም። ሰውየው እስክንጨርስ ሰማን፤ ፈገግ አላለም።

«ይሄ የእነሱ አይደለም» አለ።

ጣቱን ከመስመሩ ላይ አላነሳም።

«የዘፈኑት ሌሎች ናቸው። እነዚያ ሁለት ዘፋኞች ናቸው፤ የእናንተዎቹ ሦስት።»

ሰይድ ጠመንጃውን ረሳው። «የእነሱ ነው እንጂ! እንዴት የእነሱ አይደለም?» ብሎ ጮኸ። አሁን ይህ ሰው ምን ይባላል? ሞት ክንዱን ይዞታል፣ እሱ ስለ ዘፈን ይከራከራል።

«ካሴት ቤት ነበረኝ» አለ ሰውየው። የት እንደነበረ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም። በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ታጣቂው የሰይድን ክንድ ለቀቀ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለልንና ሁለት ሬዲዮና የሰይድን የፀሐይ መብራት አስይዞ ወጣ። ሰይድ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ዘይነባ ጫማውን አምጥታ እግሩ ሥር አኖረችለት።

ቀን አልፎ ወልድያ ስመለስ፣ ቤቴ የቀሩትን ካሴቶች ክራቸው ተጎልጉሎ ግቢው ውስጥ ተበትነው አገኘኋቸው። ኔትወርክ ሲመለስ መጀመሪያ ያየሁት የወንድሞቼን ደኅንነት ነው፤ ሁለተኛው፣ አፍሬ ልናገርና፣ «ዋይ ዋይ ቁጥር ሁለት»ን ነው። ሰውየው ልክ ነበር። ሁለት ናቸው። ለሰይድ ደውዬ ስነግረው «ሃያ ዓመት!» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በሳምንቱ መርሳ ሄጄ መስመሩን አብረን ሰረዝነው። አንድ ነገር ስናርም ከጎኑ ማን እንዳረመን የመጻፍ ልማድ አለን። እኔ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ሬዲዮህን የወሰደ ሰው ነው» አልኩት። «እዚህ ደብተር ላይ አይገባም።»

«ሬዲዮውን ወስዷል፤ ዘፈኑን አልዋሸም።»

«ሊገድለን ነበር እኮ!»

«እኔን ነው በባዶ እግሬ ያቆመኝ» አለ ሰይድ፣ ቆጣ ብሎ። «ይጻፍ ወይም አይጻፍ የምለው እኔ ነኝ።»

እኔ አልጻፍኩም። እስክሪብቶውን አንስቶ ራሱ ጻፈ፤ ጽሑፉ እንደ ጠጋኝ ጽሑፍ የተጣመመ ነው፤ ግን ይነበባል፦ «የእነሱ አይደለም። የነገረን፦ አንድ ካሴት ነጋዴ።»